የአስራ ሰባት ቁጥር ድንጋይ

ጥቅምት 6

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም። ሁለት ደረጃ ቆረጥን፣ አንድ የመቃብር ሐውልት አለሰለስን። ሃይደር ሐውልቱ ላይ የተጻፈውን ስም ሲያነብ «ይሄ ሰውዬ እኮ ትናንት ደውሎ ዋጋ ጠይቆኛል» አልኩት። ፊቱ! መቁረጫ ማሽኑን ውሃ ሳይከፍት አስነሳው። ሱቁ በሙሉ አቧራ ሆነ። «ወላሂ አንተ ልጅ ትገድለኛለህ» አለ። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ያለ ግራናይት ቆራጭ ሁሉ ብልጥ ነው፣ የእኔ ጀለስ ብቻ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። እንዴት ዝም ልበለው?

ቤት ስገባ ፍራሼ ላይ ድንጋይ ተኝቷል። ሃያ አራት ከረጢት። እህቴ ሮሃ ናት እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? ጂኦሎጂስት ከሆነች ወዲህ እኔ መሬት እተኛለሁ፣ ድንጋይ ፍራሽ ላይ ይተኛል።

«የማን ነው?»

«የጋሽ መኩሪያ።»

ጋሽ መኩሪያ አከራያችን ናቸው። ሠላሳ ዓመት የመኪና መለዋወጫ ሸጠው ጡረታ ወጡ፣ ከዚያ የማዕድን ፍለጋ ፈቃድ አወጡ። ቦታው ሩቅ ነው… ሮሃ ምስጢር ነው ስላለች እዚህም አልጽፈው። ሌላው ሽማግሌ «ስኳር አለብኝ» ይላል፣ እሳቸው «ዩራኒየም አለኝ» ይላሉ። አሁን መድኃኔዓለም ያለው የሮሃ ቢሮ ክምችቱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ሊያጠናላቸው ነው። የራሷ ፊርማ የሚያርፍበት የመጀመሪያ ሪፖርቷ ነው። ስትኮራ ማየት ነበር።

«ድንጋይ እኮ ለሚያውቀው ይናገራል» አለችኝ።

ይናገራል? እሺ… እናያለን።

ጥቅምት 7

አደረግኩት።

አምና የጋሽ መኩሪያን ወጥ ቤት ግራናይት የገጠምነው እኔና ሃይደር ነን። ከውጭ የመጣ ቀይ። የተረፈው ቁራጭ እስካሁን ሱቅ ጥግ ቆሟል። ትንሽ ገመስኩና በመዶሻ ሰባብሬ በኪሴ ይዤ መጣሁ። ሮሃ ሻወር ስትገባ አስራ ሰባት ቁጥር ከረጢትን ፈታሁ፣ የውስጡን ድንጋይ ግቢ ወረወርኩ፣ የወጥ ቤቱን ከተትኩ። አንዷን ፍንካች ሆን ብዬ አንድ ፊቷ እንደተወለወለ ተውኳት፣ መስታወት ናት። ነገ ስትፈታው ትጮሃለች። «ምን አለሽ ድንጋዩ?» እላታለሁ። «ሽንኩርት ክተፉብኝ አለሽ?»

ብቻዬን ስስቅ እትዬ ዕፀገነት፣ የጋሽ መኩሪያ ባለቤት፣ በመስኮት አይተው አማተቡ።

ጥቅምት 8

አልጮኸችም። ከሥራ ስመለስ ፍራሼ ባዶ ነው።

«ከረጢቶቹስ?»

«ላብራቶሪ ተልከዋል። ውጭ አገር።»

«ሳትፈቺያቸው?!»

«ለምን እፈታለሁ? እዚያ ፈጭተው ነው የሚመረምሩት።»

ከጣሪያችን በላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ። የቱ ውስጥ ይሆን ወጥ ቤቱ?

ጥቅምት 21

ሮሃ ሪፖርቷን ጀመረች። ራት እየበላን «ዋናው ነገር መቁረጫው ነው» አለች።

«የእኛ ማሽን?»

«ጅል! ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ድንጋይ ስንቱ ዩራኒየም ነው ተብሎ ይለካል። ከመቁረጫው በላይ ከሆነ ማዕድን ነው። በታች ከሆነ ድንጋይ ነው፣ አለቀ።»

ጉርሻዬን ያዝኩ። ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። በአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከስድስት መቶ መቶ ሰማንያ ስድስት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ለጋሽ መኩሪያ ቦታ ስንት ነው ማለፊያው?»

«መንገድ የለ፣ ውሃ የለ… ቢያንስ ሦስት መቶ።»

«የእኔም ሦስት መቶ ነበር!»

ሳቀች፣ ከዚያ አዘነችልኝ መሰለኝ ሥጋ ወደ እኔ ገፋች። ደስ አይልም… ሥጋው ግን ደስ ይላል።

«ቁርጥ ነው? አይለወጥም?»

«ይለወጣል። የዩራኒየም ዋጋ ከወጣ መቁረጫው ይወርዳል። ዛሬ የወደቀ ድንጋይ የዛሬ አምስት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።»

«ሳያጠና?»

«ሳያጠና።»

ድንጋይ ሆኜ መፈጠር ነበረብኝ።

ኅዳር 9

ውጤት መጣ። ሃያ ሦስቱ ድንጋዮች ከሦስት እስከ ስምንት። ከሦስት መቶ! እኔ እንኳ እንደዚህ አልወደቅኩም። አስራ ሰባት ቁጥር ግን…

ስልሳ አንድ።

ሮሃ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። «ይቺ ምንድን ናት?»

ጆሮዬ ጋለ። ግራናይት ውስጥ ዩራኒየም እንዳለ ማን ነገረኝ? ማንም! አሁን ልንገራት… አሁን… ሽንት ቤት ገባሁ። ስወጣ አሁንም እያየችው ነው። ለነገሩ ስልሳ አንድም ወድቃለች። የወደቀ ነገር ማንን ይጎዳል?

ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 10

አልነገርኳትም። እሷ ለጋሽ መኩሪያ ነገረቻቸው። እኔም ነበርኩ፣ ቴሌቪዥናቸውን አስተካክላለሁ ብዬ። (ያበላሸሁት እኔ ነኝ።)

«ጋሼ፣ ሁሉም ከመቁረጫው በታች ናቸው። አንዷ ለየት ብላለች፣ እሷ እንደገና መታየት አለባት።»

የሰሙት «ለየት» የምትለዋን ብቻ ነው። ከሶፋው ተነሡ።

«ላዩ ስልሳ አንድ ከሆነ ታቹ ስድስት መቶ ነው!»

«እንደሱ አይደለም ጋሼ…»

«አንቺ የተማርሽው ስለላዩ ነው። ይቆፈራል! ይሄን ቤት ሸጬ አስቆፍራለሁ።»

እትዬ ዕፀገነት የያዙትን ሰሃን አስቀመጡ። «ቤቱን ሸጠን የት ልንገባ ነው?»

«መጀመሪያ እንቆፍር።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ነው በለኛ!»

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም፣ እንግዳ ነገር ነው። ቤቱ ከተሸጠ እኔና ሮሃም ግቢያቸው ውስጥ ከተከራየናት ሰርቪስ ወጣን። እማዬ ጋ፣ ቦሌ አራብሳ። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ… ግን እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ። እትዬ ዕፀገነት ሰሃኑን አንስተው የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ዝም ብለው ይዘውት ቆሙ።

ኅዳር 12

የሚካኤል ንግሥ። ታቦቱን ሸኝተን መጣን። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። እኔም የተረፈችኝን የግራናይት ፍንካች ይዤ ወጣሁ፣ ማስረጃውን ላቃጥል።

ድንጋይ ነው። አይቃጠልም።

ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁት።

ኅዳር 14

ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። ጋሽ መኩሪያ የሉም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ የኮሮና ጊዜ ማስክና የሱቁን ቢጫ ጓንት አድርጌ።

«ይግቡ፣ ብዙ አይተንፍሱ እንጂ።»

ገዢው ሰውዬ አንድ እግሩን አነሣና እንዳነሣው ቀረ። «ምን አለ?»

«ኧረ ምንም። ዩራኒየም ብቻ ነው። ለምደነዋል።»

«ይሄ ልጅ ይቀልዳል» አለ ደላላው።

«እኔ ልጅ ነኝ? አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እድገቴ ቆሞ ነው።»

ሰውዬው መኪናውን ለማዞር እንኳ አልታገሠም፣ እስከ አስፋልት ድረስ በኋላ ማርሽ ሄደ። ሃይደር ጋ ሄጄ ስነግረው ሳቅን፣ ሳቅን… ከዚያ «ጓንቱ ይታጠብ ይሆን?» አለኝ። አምኖ!

ቤቱ ተረፈ። ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 15

ጎበዝ አይደለሁም።

ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ጠዋት የጎረቤት ሴትዮ በላስቲክ ትንሽ እንድንሰጣቸው ጠየቁ። «ለትኋን ይሆናል?» ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ደስታቸው ጣሪያ ነካ። «ግቢዬም ውስጥ አለ ማለት ነው!» ደላላው ሌላ ገዢ አመጣ፣ ይሄኛው የሚገዛው ዩራኒየም አለው ስለተባለ ነው። ዋጋ ጨመረላቸው። ኅዳር 19 ሊፈራረሙ ነው።

እትዬ ዕፀገነት ዕቃ ማሰር ጀምረዋል። ጾሙም ዛሬ ገባ። ጠርተው ሽሮ አበሉኝ። «አንተ ልጅ ከስተሃል፣ ምን ሆነሃል?» ሽሮውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ኅዳር 17

«ሮሂ…»

«ምን?»

«አስራ ሰባት ቁጥር ወጥ ቤት ናት።»

አልገባትም። ሁሉንም ነገርኳት። ይጮኻሉ ብዬ ነበር፣ እሷም ጎረቤቱም። አልጮኸችም። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ሰበሰበች፣ ጠርዛቸውን አስተካከለች፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ስሜ ያለበት ሪፖርት ነው ኢዩኤል።»

ኢዩ ነው የምትለኝ ሁሌ።

«ለምን?»

«ድንጋይ ይናገራል ስላልሽ…»

«ነገ አንተ ትናገራለህ።»

ኅዳር 18

ሮሃ ከቢሮ የጨረር መለኪያ ተውሳ መጣች፣ እንደ ትልቅ ስልክ ያለ፣ ጥ… ጥ… የሚል። ሃይደርም የተረፈውን ግራናይት ተሸክሞ መጣ፣ ምስክር ነው። በሩ ላይ «እውነት ነው ወይስ ፎገራ?» አለኝ። «እውነት ነው» ስለው ይበልጥ ፈራ።

መጀመሪያ ጋሽ መኩሪያ ቡፌ ውስጥ በመስታወት ያስቀመጡት ከቦታው የመጣ ድንጋይ ላይ። ጥ… ጥ… ጥ። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው።

«አሁን ወጥ ቤት እንሂድ ጋሼ» አለች ሮሃ።

ግራናይቱ ላይ፣ ግማሽ ሽንኩርት አጠገብ አስጠጋችው። ጥጥጥጥጥጥጥ!

እትዬ ዕፀገነት ሽንኩርታቸውን ነጠቁ። «ምን ሆነ ነው የሚለው?»

«አይጎዳም እትዬ፣ ግራናይት ሁሉ ትንሽ ትንሽ አለው።»

ሁሉም እኔን አዩ። «ያቺ አስራ ሰባት ቁጥር ከእርስዎ ቦታ የመጣች አይደለችም፣ ጋሼ። ከዚህ ናት። ከዚህ ግራናይት። የከተትኳት እኔ ነኝ… ለቀልድ።»

ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ቀስ ብለው «የእኔ ድንጋይ ስንት ነው ያልሽው?» አሉ።

«ከሦስት እስከ ስምንት።»

«ወጥ ቤቴስ?»

«ስልሳ አንድ።»

የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። «ሁለት ዓመት ሙሉ… እዚያ ድረስ በላንድክሩዘር…»

ሃይደር ሳቁ አመለጠው፣ ሳል አስመሰለው። ጋሽ መኩሪያ በመዳፋቸው ግራናይቱን ጠረጉ፣ አቧራ ሳይኖረው። እዚያ ላይ ቀልድ አለቀብኝ። ሌላ ጊዜ አንድ ነገር ጣል አደርግ ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ።»

አላዩኝም። እትዬ ዕፀገነት ግን ወጥተው ያሰሩትን ካርቶን መፍታት ጀመሩ። የፕላስተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ደስ የሚል ድምፅ ነው።

ኅዳር 19

ገዢው እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ጋሽ መኩሪያ በር ላይ መለሱት። «ግቢው ውስጥ ምንም የለም። ወጥ ቤቱን ደግሞ አልሸጥም።»

ኅዳር 24

ከአስራ ሰባት ቁጥር አውጥቼ የወረወርኩትን እውነተኛውን ድንጋይ በጉልበቴ ስፈልግ ዋልኩ። ሮሃ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። «እሱ አይደለም… እሱም አይደለም…» ከሰዓት በኋላ ከልብስ ማጠቢያው ሥር አገኘነው። ላብራቶሪ ይላካል፣ ከእኔ ደሞዝ። መለኪያው ግን ከአሁኑ ነግሮናል። ጥ… ጥ… ወድቋል፣ ከጓደኞቹ ጋር።

ሪፖርቱ ላይ ሁሉንም ጻፈችው። ናሙናው ቤት ውስጥ እንደተቀየረ፣ ሳትፈትሽ እንደላከችው። አለቃዋ ተቆጧት፣ ግን ሥራዋን አላጣችም። መጨረሻው ላይ፦ «ክምችቱ አሁን ባለው ዋጋ አያዋጣም።» ፈረመች።

ኅዳር 28

ጋሽ መኩሪያ ዛሬ አናገሩኝ። «አስራ ሰባት! በሩን ክፈት!»

ስሜ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 3

ሮሃ «ኢዩ» አለችኝ። እንዳላስተዋልኩ ሆንኩ። አስተውያለሁ።

«የእኔም መቁረጫ አንድ ቀን ሊወርድ ይችላል አይደል?» አልኳት፣ ሙድ ልይዝባት።

«ድንጋይ ነው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው። አንተ እግር አለህ።»

እግሬን አየሁት። አለኝ።

ታኅሣሥ 11

በግል ለመፈተን ተመዘገብኩ። አቦ ጽፌው እንኳ ያስቀኛል።

ለሃይደር ስነግረው ማሽኑን አጠፋ። «አሁን ደግሞ ምን ልትሠራኝ ነው?» አለ። «እውነቴን ነው።» «ሂድ ወደዚያ!» የሞተ ሰው ደወለ ስለው ያመነ ልጅ ይሄን አላምን አለ። የተመዘገብኩበትን ወረቀት አሳየሁት። ገለበጠው፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። «ማኅተሙን ማን ሠራልህ?»

ማታ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ጋሽ መኩሪያ አንኳኩ። ቡፌያቸው ውስጥ የነበረውን ድንጋይ አምጥተው መጽሐፌ ላይ ዱብ አደረጉት።

«ሁለታችሁም ወድቃችኋል። አብራችሁ አጥኑ።»

«እሺ ጋሼ።»

በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። «እሱስ ዩራኒየም ሲወደድ ያልፋል። አንተን የሚያስወድድ ገበያ ግን እስካሁን አልሰማሁም።» ግቢው ውስጥ ሲስቁ ተሰማኝ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሂሳብ፣ ምዕራፍ አንድ። ድንጋዩ እስካሁን አንድም ነገር አልገባኝም አላለም። እኔ ሮሃን ሦስቴ ቀስቅሻታለሁ።