የእህቴን ልጅ «መልካም ሥነ ምግባር አለው» ብዬ ስለፈረምሁበት ወረቀት

በነቀምቴ ከተማ ለሚገኘው፣ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የጤና ኮሌጅ ዲን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ፤ ቤተሰብዎ፣ መምህራንዎ፣ ይልቁንም ሰው በሩ ላይ ተሰልፎ የሚውልበት የሬጅስትራር ቢሮዎ በደህና እንዲገኙ ምኞቴ ነው። እኔ በዚሁ ከተማ ባኬ ጃማ ሰፈር የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ በስተርጅና ያሳፈረኝን ነገር ልነግርዎ ነው ብዕር ያነሳሁት። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በቃሌ ለመናገር ሞክሬ ነበር፤ ሠራተኛዎ ግን ምስክርነት የሚሰጥበት ቅጽ እንጂ የሚነሳበት ቅጽ እንደሌለ በትሕትና አስረድታ ስለሸኘችኝ፣ ቅጽ በማያስፈልገው በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

የእህቴ ልጅ በኮሌጅዎ የነርስነት ተማሪ ነው። ሲገባ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃና ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት የሥነ ምግባር ወረቀት አቅርቧል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ። በመጪው ሰኞ የተግባር ልምምድ ይጀምራል፤ የተመደበውም መናገርና መራመድ የማይችሉ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነው። ነጭ ጋውኑን ለብሶ ሊያሳየኝ ቤቴ የመጣ ዕለት እንደ አጎት ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ምክንያቱም የዛሬ አራት ዓመት ይኸው ልጅ ዱረቲ የምትባል፣ መስማትና መናገር የማትችል የስምንት ዓመት የእህቴ ጎረቤት ልጅ እጇን ሰብሯል። እናቷ አዴ አዳነች ገበያ ውላ እስክትመለስ በአደራ የሰጠችው ለእሱ ነበር፤ አልቀመጥ ብላ አስቸገረችኝ ብሎ በዱላ መታት። ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። የልጁ የወደፊት ሕይወት እንዳይበላሽ ብዬ የለመንሁትም እኔ ነኝ፤ የዱረቲን የወደፊት ሕይወት ያነሳ ሰው አልነበረም። አንዲት ጊደር ተሰጠች፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ነገሩ አለቀ ተባለ። ስንነሳ አዴ አዳነች «ኦቦ ወልደዮሐንስ፣ ጃርሳ ቢያ አላሳፍርም ብዬ እሺ ብያለሁ፤ ልጄን ግን ማንም አልጠየቃትም» አለችኝ። ጃርሳ ቢያን፣ ማለትም ያገር ሽማግሌን፣ ማሳፈር አልፈለገችም፤ እኛ ግን ማፈር ነበረብን።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ እጅ እነሳለሁ። የልጁ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተመልሶ ነበር፤ መጀመሪያ ማኅተሙ የፎቶውን ጠርዝ ስላልነካ፣ ቀጥሎ ደግሞ የፎቶው ጀርባ ነጭ ስላልነበረ። የታመሙ ሕፃናትን ከሰማያዊ ጀርባ ፎቶ ለመጠበቅ ያሳዩት ትጋት የሚመሰገን ነው።

2ኛ. ፖሊስ አሻራውን መርምሮ የወንጀል ሪከርድ የለበትም ማለቱ እውነት ነው። መዝገቡ ንጹሕ የሆነው ግን ወንጀሉ ወደ መዝገቡ እንዳይደርስ እኛ መንገድ ላይ ስላስቀረነው ነው። ክቡርነትዎ በዚሁ ከተማ ኖረው፣ የወለጋ ሰው ጠቡን ለሽማግሌ እንደሚሰጥ፣ ሽማግሌ የጨረሰውም ነገር ፋይል እንደሌለው እያወቁ፣ «በሽምግልና ያለቀ በደል አለ ወይ?» የምትል አንዲት መስመር ቅጽዎ ላይ አለማስገባትዎ ለባህላችን ያለዎትን ከበሬታ ያሳያል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው፤ ቅጽዎ የሚጀምረው ከቅጠሉ ነው። ሽምግልናን አልነቅፍም፣ ስንት ደም ያስቀረ ነገር ነው። ጠብ እንዲያበርድ የተሰጠንን እውነት እንዲሸሽግ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

3ኛ. ይህ በራሴ ላይ የማቀርበው ስለሆነ በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ቅጽዎ «ተማሪውን በመልካም ሥነ ምግባሩ አውቀዋለሁ» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ብዕሩን ሳነሳ የዱረቲ እጅ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ሆኖም ፈረምሁ። ሁለተኛው ምስክር ባለሱቁ አብዱ «መምህር ከፈረሙ እኔ ምን አነባለሁ» ብሎ ፈረመ፤ ሦስተኛው የእኔ ጎረቤት ጨመዳ የሁለታችንን ፊርማ አይቶ ፈረመ። ሁለቱም ስለ ዱረቲ አያውቁም፤ እኔን አምነው ነው። ስለዚህ ኮሌጅዎ ሦስት ምስክር ብሎ የመዘገበው አንድ አጎት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዱረቲን ገበያ አየኋት። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቀኝ እጇ ስለማይዘረጋ ዘንቢሉን በግራዋ ይዛለች። ስታየኝ ከእናቷ ኋላ ሄደች። የመታት እኔ አይደለሁም፤ የምትፈራው ግን እኔንም ነው፣ እውነቷንም ነው።

ስለዚህ ፊርማዬን እንዲሰርዙልኝ፣ ልጁን ሰኞ ከሕፃናቱ ክፍል እንዲያስቀሩት፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ጠርተውም ዱረቲን እንዲጠይቋት እለምናለሁ። የእህቴ ልጅ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ እኔም እንዲያ ቢሆን እወዳለሁ። ነገር ግን የእኔ መውደድ ማስረጃ ሆኖ አንድ ጊዜ አገልግሏል፤ ሁለተኛ እንዳያገለግል። እህቴ ይህን ማሰቤን ከሰማች ወዲህ ስልኬን አታነሳም፤ የቤታችንን ገመና አደባባይ በማውጣቴ ብትቆጣኝም አልፈርድባትም።

ለማኅተምዎ፣ ለጠርዙም ጭምር ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ከእንግዲህ ለማንም ሰው ጠባይ ለመፈረም የማይበቃው ታዛዥዎ፣

ወልደዮሐንስ ፈለቀ
ባኬ ጃማ፣ ነቀምቴ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ለእህቴ ልጅ አነበብሁለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ጋሼ፣ ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ከነበረ ለምን ፈረሙልኝ?» አለኝ። ስለ ፊርማዬ እስከ ዛሬ ጥያቄ ያቀረበልኝ እሱ ብቻ መሆኑን ለክቡርነትዎ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።