አቤት የማይል ሰርቨር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ደህና ቀን። ጠዋት ሳንጃ ጠራ፣ ጎንደር መለሰ። አራት ዲግሪ።

ምሳ ላይ እህቴ ፈህሚያ "ቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ምንድን ነው የምትሥዪው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሥዕል ነው የሚመስለው። ኮድ አልጽፍም። ስክሪኑ ላይ ሳጥን አስቀምጣለሁ፣ ሳጥኑን ከሳጥን በሽቦ አገናኛለሁ፣ ፕሮግራም ይሆናል። ሁለት አሉኝ። አንዱ ሳንጃ አካባቢ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው፣ የእባብ መድኃኒት የሚቀመጥበት ፍሪጅ አጠገብ። ሌላው እዚህ ጎንደር፣ እኛ ቢሮ፣ ሰርቨሩ ላይ። የሳንጃው በየአሥር ደቂቃው ይጣራል። የኛው "አቤት" ይልና የፍሪጁን ሙቀት ይቀበላል። ፍሪጁ ከሞቀ ሰርቨሩ ነርሱ ጋ፣ ማንያዘዋል ጋ ይደውላል። በቃ።

"አቤት ካላለስ?" አለች።

"ይላላ!"

አሁን የሰሊጥ አጨዳ ነው። ቆላው በሠራተኛ ተሞልቷል። እባቡም እዚያው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አሁንም! አርብ ሥራ መውጫ ላይ ተቋረጠ፣ ዛሬ ጠዋት ብቻውን ተመለሰ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ። አርብ አርብ ምን ይነካዋል?

የክፍላችን ኃላፊ አቶ መልካሙ "ፕሮግራምሽን አስተካክዪ" አለኝ። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ የለም።) ከላይ ለመጡ እንግዶች ያሳየ ጊዜስ? ሁለቱንም ፕሮግራም አንድ ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ፣ ላፕቶፑ ራሱ ጠርቶ ራሱ አቤት ሲል ተጨበጨበለት። ያኔ "ፕሮግራማችን" ነበር። ሲበላሽ የኔ ሆነ።

ሽቦዎቹን በሙሉ ነቅዬ እንደገና ሣልኩ። ዓይኔ ተቃጠለ። ስህተት አላገኘሁም... ወይስ እኔ ነኝ የማላውቀው?

አርብ፣ ጥቅምት 14

ተቋረጠ። ከቤት ሆኜ ሞከርኩ። መስመሩ አለ። ቢሮ ያለው ሌላው ኮምፒውተር ይመልሳል። ሰርቨሩ ብቻ ዝም። ኔትወርክ አይደለም ማለት ነው።

ማንያዘዋልን ነገ ፍሪጁን በዓይኑ እንዲያየው ለመንኩት። ሰኞ ማልጄ እገባለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17



ከሰው ሁሉ በፊት ገባሁ። ንብረት ክፍል ተከፍቷል። የንብረት ሠራተኛው ጋሽ ኪዳነወልድ ሰርቨሩን ካለበሱት ዳንቴል እያወጡት ነው። ከዚያ ሶኬቱን ሰኩ። ሶኬቱን!

"ጋሽ ኪዳነወልድ... ጠፍቶ ነው የከረመው?"

"አርብ አርብ አጠፋዋለሁ። በአዘቦቱ ዘበኛ አለ። ቅዳሜና እሑድ እሳት ቢነሳስ? ዕቃው በኔ ስም ነው የወጣው።"

"እንዳይጠፋ እኮ ነው የተገዛው!"

"ማን ነገረኝ? ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። ቢቃጠል የሚጠየቀው ኪዳነወልድ ነው።"

ጮህኩባቸው። አባቴን የሚያክሉ ሰው ላይ። ሲገዛ እኔ ልፈርም ብዬ ነበር እኮ! "አንቺ ኮንትራት ነሽ፣ በኮንትራት ሠራተኛ ስም ዕቃ አይወጣም" ተባልኩ። አቶ መልካሙም በስሙ እንዲሆን አልፈለገም። ስለዚህ ምን እንደሆነ ለማያውቁት ሰው ተሰጠ። እሳቸውም ዳንቴል አለበሱት።

ገና እየተጨቃጨቅን ሰርቨሩ ተነሳ። ሳንጃ ጠራ። አቤት አለ።

ሠላሳ አንድ ዲግሪ።

ማንያዘዋል ጋ ደወልኩ። ድምፁ በግድ ነው የሚሰማው።

"ቅዳሜ ጠዋት አየሁት፣ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የቆመው። ትናንት እጁን እባብ የነደፈው ልጅ አመጡልኝ። ፍሪጁን ስከፍተው... መድኃኒቱ ሞቋል። ወደ ጎንደር ላክሁት። ምነው ሳትደውሉልኝ?"

ምን ልበለው? ሶኬት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ስብሰባ። አቶ መልካሙ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሶ መጥቷል። "በኔትወርክ ችግር ምክንያት..." በዚህ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት አለ? አፍ ስለሌለው አይደል!

"ኔትወርክ ነበረ። የተነቀለው ሶኬት ነው" አልኩ።

"ራቢዓ፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱትን ሰውዬ ልታስቀጪያቸው ነው?"

ጋሽ ኪዳነወልድ መሬት መሬት ያያሉ። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በሳቸው ሊሸፈን!

"ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ነግረዋቸው ነበር? እርስዎ? አንድ ቀን?"

ብዕሩን ወደኔ ገፋው። አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። ኮንትራቴ በታኅሣሥ ነው የሚያልቀው። ይለቅ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሆስፒታል ሄድኩ። ምን ልል እንደሆነ ሳላውቅ...

ልጁ ጌቾ ይባላል። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። የሰሊጥ ነዶ ሲያነሳ ነው የነደፈው። ቀኝ እጁን ከአንጓው ላይ ቆርጠውታል። ተኝቷል። እናቱ እትዬ አስናቀች እግሩ ሥር ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

"ምነው ልጄ፣ መድኃኒቱ ከዚያው አለ ሲሉን አልነበር?"

"ኔትወርክ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ወላሂ መጣ። ዋጥኩት።

"ነበር እትዬ። ፍሪጁ ቆመና ተበላሸ። ፍሪጁ ሲቆም ለነርሱ የሚደውል ማሽን እኛ ቢሮ አለ። አርብ አጥፍተነው ሄድን።"

"ማነው ያጠፋው?"

"እኛ።"

ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፦

"ማብራቱ ከባድ ነው?"

"አይ... ሶኬት መሰካት ነው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ሰርቨሩ በኔ ስም ወጣ። ለካ ይቻላል! ጥፋት ለመሸከም ሲሆን ኮንትራትም ሰው ነው። ፈረምኩ፣ ተሸክሜ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት።

ጋሽ ኪዳነወልድ ሲያስረክቡኝ "ልጁ እንዴት ሆነ?" አሉ። ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። አላጽናናኋቸውም። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ከሰዓት ፕሮግራሙን ሣልኩ። የሳንጃው ደጋግሞ ጠርቶ አቤት ካልተባለ፣ ሰርቨሩ ጠፍቷል ብሎ በራሱ ሲም ዝርዝሩ ላይ ላለን ሰዎች በየተራ እንዲደውል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ጌቾ ከሆስፒታል ወጣ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ቦርሳውን ልያዝልህ ስለው እንቢ አለኝ፣ በግራው አንጠለጠለው። አላየኝም። መብቱ ነው።

እትዬ አስናቀች ከተሳፈሩ በኋላ በመስኮት ጠሩኝ።

"ቁጥሬን ያዢ።"

"ለምን እትዬ?"

"ያ ማሽን ሲጠፋ ለኔ ደውሉልኝ። በማኪና ተሳፍሬ መጥቼ እሰካዋለሁ።"

ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ቀልድ አልነበረም።

ቢሮ ገብቼ ቁጥራቸውን ፕሮግራሙ ውስጥ ከተትኩት። ከማንያዘዋል ቀጥሎ፣ ከአቶ መልካሙ በፊት። አቶ መልካሙ ከኋላዬ ቆሞ ያነባል።

"ይቺ አስናቀች የምትባለዋ ደግሞ ማን ናት?"

"የንብረቱ ባለቤት" አልኩት።