ሥዕል ብቻ ያለበት ወረቀት

ይድረስ ለልጄ፣

የወንድምሽ ፓርቲ በምርጫው የተሸነፈው በራሱ በወንድምሽ ጥፋት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳትወቅሺ። አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ተሽሎታል፣ የስፌት መኪናዬም ተጠግኖ እንደ አዲስ ይሰፋል።

ወንድምሽ ለቅስቀሳ ስፌት ቤታችን መጥቶ ነበር። ፎቅ ላይ ላሉት የቢሮ ሰዎች የፓርቲውን ዕቅድ በጽሑፍ አደለ፤ ለእኛ ግን የአምፖል ሥዕል ብቻ ያለበት ወረቀት ሰጠን። «እናቶቼ፣ ዝርዝሩ ያደክማችኋል፤ ይቺን ምልክት ብቻ አትርሱ» አለን፣ የገዛ እናቱ ፊቱ ተቀምጣ። እኛ ሰፊዎቹ ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ አብረን ፊደል ስንቆጥር መክረማችንን ረስቶታል። አዝራር የምትተክለው ጓደኛዬ፣ «ልጅሽ ጡጧችንን የት ረሳው?» ብትለኝ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ተቀናቃኙ ፓርቲ ግን ለእኛም ጽሑፍ ሰጠን። በምሳ ሰዓት እየተቀባበልን አነበብነው፣ ተከራከርንበት፤ ድምፃችንም ወደዚያው ሄደ። ስንናገር ያልሰሙን ሲቆጥሩን ሰሙን፤ እኔስ ደስ ብሎኛል።

ወንድምሽ ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም። ከደወለልሽ ድምፁ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ራቱን ከድኜ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት እኔው እበላዋለሁ።

ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ሰላም ሁኚ። እኔም ከእንግዲህ ማታ ማታ በሩን ከውስጥ አልቀረቅርም።

እናትሽ