ያልቆመው ቀይ ቀለም

ወንድሜ፣ ፊትህን ሳትታጠብ ኮምፒውተርህን ክፈትና መስመር አርባ ሁለትን እይ።

ትናንት ልብስ ስታጥብ የመሥሪያ ቤትህን የመልእክት መላላኪያ ኮድ ነካካሁት። የአለቃህ ጽሑፍ ብቻ ቀይና ደማቅ ሆኖ እንዲወጣ ብዬ ነበር። ቀለሙን አስጀመርኩት እንጂ የት እንደሚያበቃ የሚነግረውን ማስቆሚያ አልጻፍኩም፤ አሁን የሁሉም መልእክት ቀይ ሆኗል። "እሺ" ያለው ሁሉ የተቆጣ እየመሰለ ቢሮው ተኳርፏል። አንዷማ ስልኳ የተቃጠለ መስሏት ባልዲ ውስጥ ከተተችው።
የባልዲዋን ወሬ እንኳን ከራሴ ነው የጨመርኳት።

በጓደኞችህ ፊት "እሱ ደግሞ ኮድ ምን ያውቃል" ባትል ኖሮ አልነካውም ነበር።
ይሁን።

ተኝተህ ሳለ አለቃህ ደውሎ ስልክህን ሳነሳው፣ "ከእንግዲህ አልፈልገውም፤ ዕቃውን መጥቶ ይውሰድ" አለኝ።

ማስቆሚያውን ጨምርበት። እኔ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልነግረው ቢሮህ ሄጃለሁ። ደውሎ "ይሄ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው?" ብሎ ከጠየቀህ፣ ለዛሬ እንኳን አዎ በለው።