ሁለቱ ሰማያዊ በርሜሎች

ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30
ውሃ የለም። ቦዛው፣ የውሃ መኪናው፣ ረቡዕ እመጣለሁ ብሏል። የሱ ረቡዕ ደግሞ! ቢሆንም ደብተሬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ባሌ ተስፋዬ ከሚሠራበት የወርቅ ቦታ ሁለት ሰማያዊ በርሜል በባጃጅ አስጭኖ መጣ። አንዱ ለኛ፣ አንዱ ለጎረቤታችን ለዳኪ። እዚህ ማንያታ፣ መንደራችን ውስጥ፣ በርሜል ያለው ሰው ጌታ ነው። ዳኪ መረቀችው፣ መረቀችው፣ አልጠግብ አለች። ምን ነበረበት? አልኩት። የሥራ መድኃኒት። በኦሞ አጥቤዋለሁ፣ አታካብጂ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ዳኪ እያለቀሰች መጣች። ወርቁ ቦታ አጠገብ፣ ቦሪ የሚባለው ሰፈር ያሉት የወንድሟ ፍየሎች አልቀዋል። በሽታ ገብቶ ነው ይላሉ። አጽናናኋት። ተስፋዬ ይህን ሲሰማ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00
አፋጠጥኩት። አወጣው።

ድንጋዩ ይፈጫል። ኩሬ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሳይናይድ የሚሉት መርዝ ይጨመርበታል። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ወርቁ ይሟሟል፣ አይታይም። ውሃው በከሰል ውስጥ ሲያልፍ ወርቁን ከሰሉ ይይዘዋል፤ ከዚያ ከሰሉ ተቃጥሎ አመዱ ይቀልጣል። ሲያስረዳኝ ዓይኑ በራ፣ ይሄ ሞኝ! የተረፈው ውሃስ? አልኩት። እዚያው ኩሬው ውስጥ ይቀራል አለ።

የኩሬው አጥር ወድቆ ነበር። ፍየሎቹ ገብተው ጠጡ። ኩሬው ዳር የወደቁትን እሱ ራሱ ቀበረ፤ የቀሩት መንገድ ላይ ነው ያለቁት። አለቃው አፋችሁን ዝጉ ብሏቸዋል።

በርሜሎቹስ? የዚያው የሳይናይድ ናቸው። በኦሞ የታጠቡ! ወይ አምላኬ። ዳኪ አራት ልጆች አሏት።

ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡00
መዶሻና ምስማር አንስቼ የኛን በርሜል በሳሁት። በዚህ ድርቅ የውሃ ዕቃ መብሳት! ተስፋዬ መጀመሪያ ጮኸ፣ ኋላ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለዳኪ ግን ምክንያቱን አትንገሪያት፣ የሷንም በስተሽ፣ በድንገት መትቼው ነው በያት ይለኛል።

ምን ዋጋ አለው? እዚህ ሰፈር የተበሳ በርሜል ማን ይጥላል? ፕላስቲክ አቅልጣ ደፍና ትሞላዋለች። መርዝ ነበረበት ካላልኳት አትጥለውም። መርዝ ካልኩ ደግሞ የፍየሎቹ ነገር ይነሳል። ወንድሟ ይመጣል። ፖሊስ ይመጣል። ባሌን ይዘውት ይሄዳሉ። እወደዋለሁ እኮ፣ ደብተሬ! ምን ላድርግ?

ረቡዕ፣ 4፡10
የቦዛው ጥሩንባ! ያ ውሸታም ዛሬ በቃሉ ተገኘ። ዳኪ በርሜሏን ደጅ አቁማ ልጆቿን ኮታ! ኮታ! ኑ፣ ኑ እያለች ትጠራለች። ትንሿ ከአሁኑ ጣሳ ይዛ ቆማለች።

ተስፋዬ በሩን ይዞ ቆሟል። አያስቆመኝም። ሁሉንም እነግራታለሁ፣ የፍየሎቹንም። ከፈለገ ይጥላኝ። ቱቦውን እየዘረጉ ነው፣ ሄድኩ።