ሟች እናቴ ስለምታስተዋውቀው የዐይን ቆብ ፕራይመር

ይድረስ ለክቡር የቴሌቪዥን ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ሰላምና ሙሉ እንቅልፍ እመኛለሁ። እንቅልፍን የጨመርኩት ከእኛ ቤት ወጥቶ ከጠፋ ስለሰነበተ፣ ምናልባት የተሻለ መኝታ ፍለጋ ወደ እርስዎ ጎራ ብሎ ይሆናል በሚል ነው። እኔ ምሽት ምሽት በጣቢያዎ ብቅ እያለች "ነገም አብረን ነን" የምትለው የፕሮግራም አስተዋዋቂ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ይህን የምጠቅሰው ምናልባት ዘንግተውት እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ፣ በቀብሯ ላይ ያደረጉት ንግግር እጅግ ያማረ ነበር።

ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ዐይን መኳል ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እናቴ በታመመች ጊዜ መድኃኒቱ ዐይኗን ያስለቅሳት፣ የዐይኗንም ቆብ ያወዛው ነበር። በስቱዲዮው መብራት ሙቀት፣ የዐይን ቆብ ቀለሙ፣ አይሻዶው፣ ገና አፏን ሳትከፍት ተንሸራቶ እጥፋቱ ውስጥ ይከማችና መስመር ይሠራል። የመጨረሻውን ቀረጻ ስትሞክር እርስዎ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው በድምፅ ማጉያው "ፊቷ እየቀለጠ ነው፤ አንድ ነገር አድርጉ እንጂ!" ብለው ነበር። ድምፅ ማጉያው ለእሷም እንደሚሰማ ረስተውት መሆኑን አልጠራጠርም።

እኔም መዋቢያ መሸጫ ሄድኩ። ሻጯ ቀለሙ እንዳይንሸራተት አስቀድመው የሚቀቡትን ፕራይመሮች ደርድራ የሚያብለጨልጨውን አነሳችና "ይኼ ለሰርግ ተወዳጅ ነው፤ ለማን ነው?" አለችኝ። "ለታመመች እናቴ" ስላት ቀስ ብላ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ሽታ የሌለውን፣ የማያብለጨልጨውን፣ ለቆዳዋ ቀለም የቀረበውን መረጥኩ። መጀመሪያ በክንዷ ውስጠኛ ገጽ ሞከርኩት፤ በማግስቱ እንዳላቀላት ካየሁ በኋላ ወዙን ከዐይኗ ቆብ ጠርጌ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ በቀለበት ጣቴ ወሰድኩ፤ ያ ጣት ጉልበት ስለሌለው ስስ ቆዳ አይጎትትም። ሳላሽ፣ መታ መታ እያደረግሁ ከሽፋሽፍቷ ሥር እስከ እጥፋቱ አለበስኳት። አይሻዶው የሚከተለው ፕራይመሩ ሲደርቅ ነው።

"እማዬ፣ እንዳትገልጪ።"

"አልገልጥም። ጣትሽ ግን በረዶ ነው።"

ዐይኗን ጨፍና ፊቷን ስትሰጠኝ፣ ሁለታችንም ምን እየተለማመድን እንደሆነ ገብቶናል።

ቀረጻው በተደገመበት ቀን ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ቀረጻው አልቆ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዛ "ከሄድኩ በኋላ እንዳታሳዩኝ፤ ባለቤቴ ይጠብቀኛል" አለችዎ። "በእኔ ይጣሉት" አሏት። እሷም ጣለችው።

ሁለተኛ፦ ስለ አባቴ። አባቴ ማስታወስ ከተሳነው ቆይቷል፤ ቀብሯ ላይ ቆሞ እንደነበር እንኳ አያውቅም። እርስዎ ግን ቃልዎን በልተው ቀረጻውን ማታ ማታ ስለሚያሳዩት፣ እናቴ "ነገም አብረን ነን" ባለች ቁጥር "እሺ፣ ልወስድሽ እመጣለሁ" ይላታል። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ሳለሁ፣ በዝናብ፣ ቃሉን አክብሮ ወጣ። (ቃል ማክበር የበሽታው ምልክት ይሁን አይሁን ሐኪሙን አልጠየቅሁም።) ያገኘው የጣቢያዎ ዘበኛ ነው። "አባባ፣ ብርድ ነው፤ እዚህ ይረፉ" ብሎ ከጎጆው አስገብቶ፣ የራሱን ካፖርት አልብሶ ደወለልኝ። ስደርስ አባቴ በቁጣ "አሁን እኮ አየኋት! ውስጥ ናት፤ ለምን አትጠሯትም?" አለኝ። ዘበኛው አየኝ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት በቴሌቪዥን እኔም አይቻታለሁ።

በማግስቱ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እንዲያቆሙ ለመንኩዎ። "ተመልካቹ ይወዳታል፤ ምስሉም የጣቢያው ንብረት ነው" ሲሉ በእርጋታ አስረዱኝ፤ ውኃም አስመጡልኝ። ስለ ውኃው አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ የእናቴን ምስልና ድምፅ ለፕራይመር ማስታወቂያ ስላከራዩ ምን ቃል ይበቃኛል? በኮምፒውተር አድሳችኋት መጣች። የዐይኗ ቆብ ላይ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ቀለም ደፍታችሁ፣ በሕይወቷ ያልነካችውን፣ ከሞተች በኋላ ገበያ የወጣውን ፕራይመር "ቀኑን ሙሉ አይለቅም" እያለች ታሞግሳለች። ድምፁ የእሷ ነው፤ ትንፋሽ ግን የለበትም። ዐይኗም ደርቋል።

አባቴ ተነስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። መዳፉን ጉንጯ ላይ አሳረፈ።

"ይቺ ማናት?"

"እማዬ ናት።"

"አይደለችም።" ዞሮ ፊቴን አየ። "ሞታለች እንዴ?"

ክቡር ሆይ፣ ሐኪሙም እኔም ያቃተንን እርስዎ አሳኩት፤ ሊወስዳት መውጣቱን ተወ። ወደ በርዎም አይመጣም። አሁን ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፤ እሱም መርዶውን እንደ አዲስ ይሰማል፣ እንደ አዲስም ያለቅሳል። አንዳንዴ "ሥራ ላይ ናት" ብዬ ልዋሸው እሞክራለሁ፤ ስሜን ቢረሳም ፊቴን ማንበብ አልረሳም። ቴሌቪዥኑን ካጠፋሁበት ደግሞ "እናትሽ ልትቀርብ ነው፤ ክፈቺው" ብሎ ይጮኻል። ከሁለቱ የቱን እንደምመርጥለት እስካሁን አላወቅሁም።

እኔም ብሆን ደህና አይደለሁም። ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ ዐይኔን ጨፍኜ ፕራይመሩ እስኪደርቅ ስጠብቅ፣ መስታወቱ ውስጥ ማን እንደምትጠብቀኝ ስለማላውቅ መግለጥ ያስፈራኛል። በቅርቡ ሳልኳል መሄድ ጀምሬያለሁ።

አቤቱታዬ አጭር ነው፦ እናቴን ይልቀቋት። የሰው ልጅ ሁሉ የሚያገኘውን፣ አንዴ ሞቶ የመቅረትን መብት እንዳይከለክሏት በትሕትና እለምናለሁ።

ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት በመሥራት ላይ ያለችው ሠራተኛዎ ልጅ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለረጅም ዕድሜዎ ከልብ የምጸልይ።

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በቅርቡ ጡረታ እንደሚወጡና የስንብት መልእክት እንደሚቀረጹ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። መዋቢያውን በነጻ እሠራልዎታለሁ። መብራት የማያቀልጠው፣ እንባ የማያጥበው አድርጌ እቀባዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ላይ ማን እንደሚያጠፋዎት ግን ከወዲሁ ከልጆችዎ ጋር ይማከሩ።