የቫኑ ሬዲዮና የጋሼ ብዙነህ ፒንሳ

ሰኞ፣ ጁላይ 7

እኔ ሶልያና፣ በሙሉ ልቦናዬ ኃጢአቴን እናዘዛለሁ። ዛሬ የቸርቹ ቫን አዲስ ሬዲዮ ከነካርቶኑ ሲመጣ መመሪያውን ሰርቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለክፋት አይደለም... እሺ፣ ለክፋት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ "መመሪያው የታለ?" ይል እንደሆነ ልይ ብዬ።

ማንም አላለም።

ቅዳሜ በሁለት ቫን ባሕር ዳርቻ፣ ማርጌት እንሄዳለን። አምና አንዱ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ሌላው ገና እዚሁ ሰፈራችን ፊንስበሪ ፓርክን ይዞር ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ሦስቴ ተሰብስቦ፣ ጸልዮ፣ ለሁለቱም ቫን መነጋገሪያ ሬዲዮ ገዛ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ሹፌራችን ጋሼ ብዙነህ የእኛን ቫን ሬዲዮ ገጠሙት። "ጦሩ ውስጥ መገናኛ ነበርኩ" ይላሉ። እማዬ ስንቅ ክፍል ነበሩ ትላለች።

ባትሪው ላይ የሚታሰረው ቀይ ገመድ መሃሉ ላይ ፊውዝ አለው። "ይሄ ደግሞ ምን ያንዘላዝለዋል?" አሉና ከነፊውዙ ክንድ የሚያህል በፒንሳ ቀጭ! የቀረውን ባትሪው ላይ አስረው በናስትሮ ጠቀለሉ፣ ኮፈኑን ድርግም። ሬዲዮው በራ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ አምሃ አጨበጨቡ።

የተቆረጠውን ከመሬት አነሳሁት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

መመሪያውን አነበብኩት። አንድ ሰው ማንበብ አለበት መቼም። ገመዱ ተልጦ ብረት ከነካ ፊውዙ ቀድሞ ይቃጠልና ያድናል። ፊውዝ ከሌለስ? ገመዱ ይነድዳል። ከዚያ ቫኑ። ቅዳሜ ቫኑ ውስጥ ደግሞ እማዬ...

ለጋሼ አምሃ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ አንቺ ሂሳብሽን አጥኚ።"

"ጋሼ፣ መመሪያውን አንብቤዋለሁ፣ ፊውዝ እኮ የለውም!"

"ሳይኖረውም እየሠራ አይደል? ጌታን አመስግኚ።"

ሲሪየስሊ?

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

በቫኑ ስንሄድ ሰቨን ሲስተርስ ላይ መብራት ይዞን ቆመን... ከኮፈኑ ጭስ። ጋሼ አምሃ፦ "ከዶሮ መጥበሻ ቤቱ ነው።" ዶሮው ኮፈን ውስጥ ነው የሚጠበሰው?

ጋሼ ብዙነህ ዘለው ወርደው ገመዱን መነጨቁት። የኮፈኑ ጠርዝ ልጦት ፕላስቲኩ ቀልጧል። "ምንም አይደል" አሉ። የቀለጠውን ግን ደጋግመው አገላብጠው አዩት። ከዚያ... ናስትሮ ጨመሩበት! ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት።

መመሪያውን ሰኞ ብሰጣቸው ያነቡት ነበር? አይመስለኝም። ግን...

አርብ፣ ጁላይ 11

እማዬ የነገውን ምግብ ቸርች ስታሰናዳ የቫኑን ቁልፍ አነሳሁ። መጀመሪያ ገመዱን ከባትሪው ፈታሁ። የቀለጠውን አውጥቼ ማክሰኞ ከመሬት ያነሳሁትን መለስኩ፤ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ጠርዙ ጋ ደግሞ ጎማ አለበስኩት። ባትሪው ላይ መልሼ አሰርኩና አበራሁት። በራ!

ሌላኛው ቫን ባዶ ነው ብዬ ሬዲዮው ላይ በጋሼ ብዙነህ ድምፅ፦ "መገናኛ ነኝ! ናስትሮ አልቆብኛል፣ ናስትሮ ላኩ!" አልኩ። ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ። ይኸው እዚሁ ሹፌር ወንበር ላይ ሆኜ እየጻፍኩ...

ቆይ። ሬዲዮው ተንጫጫ።

"ሶልያና።"

ጋሼ ብዙነህ! ከወዲያኛው ቫን።

"ሶልያና! መመሪያውን ይዘሽ ነይ፤ የዚህኛውንም ፊውዝ ቆርጬዋለሁ።"